የ22 ደቂቃው በረራ የት አለ? በስፋት ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔም ደረሰኝ፣ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል፤ ይነበባል፤ ያናድዳልም፤ ሰው የተቀባበለው ለዚሁ ይመስለኛል። ችግሩ ድምዳሜው ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር፣ ግን መጨረሻው ላይ አንባቢን ገንዘብ የሚያስከፍል ምክር አለበት።

መጀመሪያ የሚለውን እንዳለ ላስቀምጥ። ጸሐፊው በሁለት አነስተኛ ኤርፖርቶች መካከል ያለ የ300 ኪሎ ሜትር በረራ ይወስዳሉ። ጄት በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ይበራል። 300ን ለ830 ስናካፍል 22 ደቂቃ ይመጣል። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 43 ደቂቃ ተሰርቋል ይላሉ።

ከዚያ ክሱን ያጠናክሩታል። የርቀት ማስያዎች ለአንድ መስመር የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጡ ርቀቱን እንኳ በቅጡ የለካው የለም ይላሉ። ሰማይ ላይ መንገድ ስለሌለ አውሮፕላን ከቀጥታ መስመር የሚወጣበት ምክንያት አይታያቸውም፤ ትንሽ ጭማሪ ቢኖር ወደ ላይ በመውጣቱ መንገዱ ስለሚረዝም ነው ባይ ናቸው። ነፋስ በመሄጃና በመመለሻ ስለሚካካስ ሁለቱ ጉዞዎች እኩል መሆን አለባቸው፣ ልዩነት ከታየ ከምድር መዞር የመጣ ነው ይላሉ፤ ለዚህም በመሄጃና በመመለሻ ቲኬት ላይ የተጻፉትን ሰዓቶች በማስረጃነት ያቀርባሉ። በአጭር መስመር ላይ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን መመደብን ለመንገደኛ ከንቀት ይቆጥሩታል። አየር መንገዶች በሰዓቱ የደረሱ ለመምሰል ሰዓት እየጨመሩ ይጽፋሉ የሚልም አለ። በመጨረሻ ይመክራሉ፦ በረራን ከባቡርና ከመኪና ስታነጻጽሩ ማስያው ያወጣውን 22 ደቂቃ ያዙ፤ ተከታይ በረራን ርካሽ ስለሆነ ለየብቻ ቁረጡ፣ ስትቆርጡም በእሱ ተማመኑ።

እኔ የምለው ይህንን ነው፤ በአጭር በረራ ላይ ጊዜው የሚያልቀው ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው። ማካፈሉ የሚያሰላው ደግሞ መካከሉን ብቻ ነው። መስመሩ ባጠረ ቁጥር ማስያው የባሰ ይሳሳታል።

ከቀላሉ ልጀምር። ማስያዎች የተለያየ ቁጥር ማውጣታቸው እውነት ነው። አንዱ 300 ይላል፣ ሌላው 186፣ ሦስተኛው 162። ሦስቱም ያው አንድ ርቀት ናቸው፤ የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው በተለመደው ማይል፣ ሦስተኛው አብራሪዎች በሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ነው። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። መለኪያውን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ ጥለው የሚሄዱ ማስያዎች ወቀሳ ይገባቸዋል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። መለኪያው አንድ ሆኖ ትንሽ ሲለያይ ደግሞ፣ አንዱ ምድርን ድቡልቡል ኳስ አድርጎ፣ ሌላው ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ እንዳለች ቆጥሮ ስለሚያሰላ ነው። የዚህ ልዩነት ቢበዛ የአንድ በመቶ ግማሽ ገደማ ነው። በ300 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ በዚህ ማንም አይጣላም።

ከባድ ልዩነት የሚመጣው አንዱ ከከተማ እስከ ከተማ፣ ሌላው ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት ሲለካ ነው። ፍራንክፈርት ሃን የሚባለው ኤርፖርት ከፍራንክፈርት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፓሪስ ቦቬም ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ያለ ነው። ስሙን አይቶ ከተማ የሚለካ ሰው ርቀቱን ከመነሻው ያበላሸዋል።

ቀጥታው መስመር ብቻውን የሚበቃበት ቦታ መኖሩንም ልመስክር። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው ደንብ ቁጥር 261፣ በረራ ሲሰረዝ ወይም በጣም ሲዘገይ የሚከፈለው ካሳ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ የሚሆነው በርቀት ነው። ርቀቱ የሚለካውም በምድር ክብነት ላይ ባለው አጭሩ መስመር ነው፤ አውሮፕላኑ ዞሮ ሄደም አልሄደም። ለካሳ ማስያው ልክ ነው። ለሰዓት ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ማካፈሉ። 830 የሚለው ቁጥር ውሸት የለበትም፤ ግን አውሮፕላኑ ከፍታው ላይ ወጥቶ ከተደላደለ በኋላ የሚበርበት ፍጥነት ነው። አንድ ሰው የመኪናው ፍጥነት መለኪያ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር አይቶ በከተማ ውስጥ ከቤት እስከ ሥራ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ቢያሰላ የሚያወጣው ዓይነት መልስ ነው የሚገኘው።

እስቲ ያንኑ 300 ኪሎ ሜትር አብረን እንሂድበት። አውሮፕላኑ 24,000 ጫማ ድረስ ይወጣል እንበል። በደቂቃ 2,000 ጫማ ቢወጣ 12 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መውረዱ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። አብራሪዎች በግርድፉ የሚያሰሉት ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 ኖቲካል ማይል ብለው ነው። ለ24,000 ጫማ 72 ኖቲካል ማይል መሆኑ ነው፤ በእኛ 133 ኪሎ ሜትር። ሁለቱን ደምሯቸው፣ 243 ነው። ከ300ው የተረፈው 57 ኪሎ ሜትር ብቻ! በ830 ሲበር እሱን የሚጨርሰው በአራት ደቂቃ ነው። ጸሐፊው ሙሉውን ጉዞ ያሰሉት እንግዲህ አውሮፕላኑ ለአራት ደቂቃ ብቻ በሚይዘው ፍጥነት ነው።

በዚያ ላይ ከ10,000 ጫማ በታች በብዙ አገሮች የፍጥነት ገደብ አለ፤ 250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር። ለማረፍ ሲቃረብ አንድ መካከለኛ ጄት ወደ 140 ኖት፣ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የመጨረሻዎቹን 18 ኪሎ ሜትሮች ከማኮብኮቢያው ጋር ተስተካክሎ በቀስታ ሲወርድ ብቻ አራት ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ ማስያው ለዚያች መንገድ የሚሰጠው ከአንድ ደቂቃ ተኩል በታች ነው። ሌላም አለ። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ነፋሱ ከመድረሻው ተቃራኒ ከሆነ አቅጣጫ እየነፈሰ ከሆነ መጀመሪያ ከመድረሻው እየራቀ ይነሳል፣ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል። በረጅም ጉዞ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በ300 ኪሎ ሜትር ላይ ግን በደንብ ይታወቃል።

መውጣቱ 12፣ መካከሉ 4፣ መውረዱና መስመር መያዙ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል። ሰማይ ላይ ብቻ 36 ደቂቃ ሆነ። አሁን መሬቱን ጨምሩበት። አውሮፕላኑ ከቆመበት ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሞተር ያስነሳል፣ እየተንከባለለ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይሄዳል፣ ተራ ይጠብቃል። ለዚህ 15 ደቂቃ ብዙ አይደለም። አምስተርዳም ስኪፖል ላይ ፖልደርባን ወደምትባለው ማኮብኮቢያ ለመድረስ ብቻ ሩብ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ እንደሚችል በዚያ የሚመላለሱ ሰዎች ያውቁታል። ካረፉ በኋላ እስከ መቆሚያው 6 ደቂቃ በሉ። ድምሩ 57 ደቂቃ ነው። ከ65ቱ የቀሩት ስምንት ደቂቃዎች ናቸው፤ ወደ እነሱ በኋላ እመለሳለሁ።

የመሬቱን ጊዜ በረራ ውስጥ መቁጠር ማታለል ነው የሚል ካለ ደግሞ፣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ራሱ የአውሮፕላን የበረራ ጊዜን የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ለመነሳት ብሎ መጀመሪያ ከተንቀሳቀሰበት አንስቶ በረራው አልቆ እስኪቆም ድረስ ነው። አብራሪው መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረውም በዚሁ ነው። ቲኬቱ ከሙያው ሕግ የተለየ ነገር አልጻፈም።

መንገዱ የረዘመው ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው የሚለውን ባላልፈው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። 24,000 ጫማ 7.3 ኪሎ ሜትር ነው። 110 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት እየሄዱ 7.3 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ሲወጡ የሚጓዙት 110.24 ኪሎ ሜትር ነው። ጭማሪው ሩብ ኪሎ ሜትር አይሞላም። መውረዱንም ብትደምሩ በጠቅላላው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በታች ነው። መውጣት ጊዜ የሚበላው ፍጥነትን ስለሚቀንስ ነው፣ መንገድ ስለሚያስረዝም አይደለም።

ማስያው በአጭር መስመር ላይ እንዴት እንደሚሳሳት ማየት የሚፈልግ፣ በስኮትላንድ ሰሜን ኦርክኒ ደሴቶች ላይ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገውን በረራ ይይ። በዓለም ላይ አጭሩ መደበኛ በረራ ነው፤ 2.7 ኪሎ ሜትር። የምትበርበት ትንሿ አይላንደር አውሮፕላን በሰዓት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ብናካፍለው 40 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የተመዘገበው ፈጣኑ በረራ ግን 53 ሰከንድ ነው፤ የተለመደው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ገደማ። እዚያ ብዙ ወረፋ የለም፣ ትልቅ ተርሚናልም የለም፣ ሰዓት የሚሰርቅም የለም። ግን ማካፈሉ እዚያም አልሠራም።

ሰማይ ላይ መንገድ የለም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በአውሮፓ ሰማይ ላይ አውሮፕላኖች በከፍታ ሲበሩ ከነጥብ ወደ ነጥብ በቀጥታ እንዲሄዱ እየተፈቀደ መጥቷል፤ ይህ ለጸሐፊው ይቆጠርላቸው። የቀረው ሰማይ ግን የራሱ መስመሮች፣ ለጦር ኃይል ልምምድ የተከለሉ ቦታዎች፣ ተራሮችና ድንበሮች አሉት። ድንበር ስል ቀልዴን አይደለም። ዶሃና ዱባይ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በሰኔ 2017 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጎረቤቶቿ ከኳታር ጋር ግንኙነት ሲያቋርጡ ቀጥታ በረራው ቆመ። ከዶሃ የሚነሱ አውሮፕላኖች በኢራን በኩል መዞር ነበረባቸው። ዱባይ መሄድ የፈለገ ሰው በኩዌት ወይም በሙስካት አድርጎ ቀን ያጠፋ ነበር። ይህ እስከ 2021 መጀመሪያ ቀጥሏል። ርቀቱ በአንድ ሜትር እንኳ አልተለወጠም።

ረጅሙን ምሳሌ ከፈለጋችሁ ደግሞ የሩሲያ ሰማይ በ2022 ለአውሮፓ አየር መንገዶች ከተዘጋ ወዲህ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ የሚሄደው በረራ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ 13 ሰዓት ከፍ ብሏል። ማስያው ግን ዛሬም ያንኑ የድሮውን ቁጥር ነው የሚሰጠው።

ነፋስ በመሄጃና በመመለሻ ይካካሳል የሚለው በጣም የሚያሳስት ነው፤ ትክክል ይመስላላ! እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን፣ 500 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ። ነፋሱ ከኋላ ሲገፋው በ600 ይሄዳል፣ 50 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲመለስ ነፋሱ ከፊት ነው፤ በ400 ይሄዳል፣ 75 ደቂቃ። ድምሩ 125። ነፋስ ባይኖር 120 ነበር። አምስቱ ደቂቃ የት ሄደች? መልሱ ቀላል ነው፤ የሚያዘገየው ነፋስ ከሚያፈጥነው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያገኛችኋል። 75 ደቂቃ ትታገሉታላችሁ፣ 50 ደቂቃ ብቻ ታተርፉበታላችሁ። ስለዚህ ወጥ የሆነ ነፋስ ደርሶ መልስ ጉዞን ሁሌም ያስረዝማል እንጂ አያሳጥርም። ከጎን የሚነፍሰውም ቢሆን ከጥፋቱ አይድንም፤ አውሮፕላኑ እንዳይገፋ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዘንበል ስላለበት ከፍጥነቱ ትንሽ ይባክናል። አውሮፕላኑ ቀርፋፋ በሆነ መጠን ደግሞ ነፋስ ይበረታበታል፤ በአጭር መስመር ላይ የሚመደቡት ደግሞ በአብዛኛው ቀርፋፎቹ ናቸው።

የምድር መዞር ነገር ግን አሳቀኝ፤ ይቅርታ። ሐሳቡ አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለ ምድር ከሥሩ ትዞራለች፣ ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ቶሎ ይደርሳል የሚል ነው። ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ትዞራለች። ሐሳቡ እውነት ቢሆን በ830 ወደ ምሥራቅ የሚበር አውሮፕላን መድረሻው እየሸሸው በጭራሽ ባልደረሰ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚያንዣብብ ሄሊኮፕተርም ከአንድ ሰዓት ቆይታ በኋላ ሲወርድ ራሱን ሌላ አገር ያገኘው ነበር። እንደዚህ የማይሆነው አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ስለሚዞር ነው። በተግባርም የሚታየው ተቃራኒው ነው። ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ መሄድ ከመመለሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይረዝማል። በየካቲት 2020 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲያራ የተባለው ማዕበል ሲነፍስ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል፤ ወደ ምሥራቅ። ያገዘው ጄት ስትሪም የሚባለው ከፍ ብሎ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ነው። ያ ነፋስ ወደ ምሥራቅ የሚያመዝነው በምድር መዞር ምክንያት ነው፤ በዚህ በኩል ጸሐፊው ከእውነቱ ብዙ አልራቁም፣ የያዙት ጫፍ ግን ተገልብጧል።

በማስረጃነት ያቀረቡት የቲኬት ሰዓት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከዲትሮይት ቺካጎ የሚሄድ ሰው ቲኬቱን ሲያይ ከተነሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሚደርስ ሊመስለው ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀ ይመስላል። በረራው በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ሰዓት ከሩብ ምናምን ነው። ቺካጎ በሰዓት ቀጠና ከዲትሮይት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ቲኬት ላይ የሚጻፈው ደግሞ ሁሌም የየኤርፖርቱ የራሱ ሰዓት ነው። ጎልድ ኮስት የሚባለው የአውስትራሊያ ኤርፖርት እንዲያውም ማኮብኮቢያው የሁለት ግዛቶችን ድንበር ያቋርጣል። አንደኛው ግዛት በበጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያደርግና ሌላው ስለማያደርግ በዚያ ወቅት የማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች የሚገኙት በተለያየ ሰዓት ላይ ነው። ኤርፖርቱ በአንደኛው ሰዓት ብቻ በመሥራት ተገላግሏል።

ስለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አጠር ላድርገው። ኤቲአር 72 በሰዓት ወደ 510 ኪሎ ሜትር ይበራል። በ300 ኪሎ ሜትር ላይ በማስያው ስሌት እንኳ ጄት የሚቀድመው በ14 ደቂቃ ነው። ጄቱ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ለአራት ደቂቃ መሆኑን ካየን ደግሞ በተግባር ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ጄት ዝቅ ብሎ ሲበር ነዳጅ አይቆጥብም። ደግሞ ብዙ ትናንሽ ኤርፖርቶች ማኮብኮቢያቸው ለጄት አይበቃም። በኔፓል የሉክላ ማኮብኮቢያ 527 ሜትር ብቻ ነው፣ እሱም ተዳፋት። እዚያ ጄት ላክልን የሚል የለም። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን የጸሐፊው ቅሬታ ትክክል ነው፤ 106 ደቂቃ በ65 ላይ፣ ከ40 ደቂቃ በላይ ልዩነት አለው። በዚያ ላይ የፕሮፔለሩ ድምፅና ንዝረት አለ። ያንን ያህል መንገድ በኤቲአር ሂድ ብባል እኔም አጉረመርማለሁ።

አሁን ወደ ስምንቷ ደቂቃ። አዎ፣ አየር መንገዶች ሰዓት ይጨምራሉ። ይህ ምስጢር አይደለም። በአሜሪካ በመንግሥት ቆጠራ አንድ በረራ በሰዓቱ ደርሷል የሚባለው ከተጻፈው ሰዓት 15 ደቂቃ ሳያልፍ ከደረሰ ነው። እንደዚህ የሚለካ ድርጅት ትንሽ ጨምሮ ቢጽፍ የሚገርም ነገር የለውም፤ መንገደኛም በሰዓቱ ደረሰ የተባለው በረራ ከዓመታት በፊት ከነበረው መርሐ ግብር የረዘመ መሆኑን የማወቅ መብት አለው። ጸሐፊው ይህንን ብቻ ይዘው ቢጽፉ እኔም አጋራው ነበር።

ግን ስርቆት ለማለት አንድ ነገር ይጎድላል፤ ሌባው ምን አተረፈ? አውሮፕላን ገንዘብ የሚያመጣው ሲበር ነው። በአንድ መስመር ላይ በእያንዳንዱ በረራ አሥር አሥር ደቂቃ እየጨመረ የሚጽፍ አየር መንገድ ከዚያው አውሮፕላን በቀን አንድ ተጨማሪ በረራ ሊያጣ ይችላል። በብዙ አየር መንገዶች የአብራሪና የአስተናጋጅ ክፍያም የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰበት እስከቆመበት ባለው ሰዓት ነው። 43 ደቂቃ በከንቱ የሚጨምር ድርጅት መጀመሪያ የሚያራቁተው ራሱን ነው። ስምንት ደቂቃ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ነፋስ አለ፣ አንድ ቀን ወረፋ አለ፣ አንድ ቀን ሌላ አውሮፕላን መቆሚያውን አልለቀቀም። ያንን ሁሉ የሚሸከም አንድ ሰዓት ነው መርሐ ግብሩ ላይ የሚጻፈው።

ከየብስ ጉዞ ጋር ያነጻጸሩበት ክፍል ላይ በተራራማ ቦታ እስማማለሁ። በኔፓል ከካትማንዱ ፖክሃራ በአውሮፕላን 25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ግን ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ሰዓት ይፈጃል። ከኤርፖርት ምልልሱ ጋር እንኳ በረራው በሰፊው ያሸንፋል። እዚያው አገር ያለ ሌላ መስመር ግን ተቃራኒውን ያሳያል። መንገደኛ በሚበዛበት ወቅት ወደ ሉክላ የሚሄዱ በረራዎች የካትማንዱ ኤርፖርት ስለሚጨናነቅ ወደ ራሜችሃፕ ይዛወራሉ። ከራሜችሃፕ በረራው 20 ደቂቃ ያህል ነው፣ ከካትማንዱ ከሚነሳው ያጥራል። ማስያውን ብትጠይቁ ጊዜ አትርፋችኋል ይላችኋል። ራሜችሃፕ ለመድረስ ግን ከካትማንዱ አራት አምስት ሰዓት በመኪና መሄድ አለ፤ በረራው የሚነሳው ጠዋት ስለሆነም ብዙ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በሌሊት ነው።

ሜዳ ላይ፣ ፈጣን ባቡር ባለበት፣ በረራው ጭራሽ የሚሸነፍበት ጊዜ አለ። ፈረንሳይ በ2023 ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ናንት፣ ሊዮንና ቦርዶ የሚደረጉ በረራዎችን የከለከለችው በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች ስለሚደረስ ነው። ምክንያቱ የአየር ብክለትን መቀነስ ነበር። ግን ኤርፖርት ቀድሞ መድረሱን፣ ፍተሻውን፣ ሻንጣ መጠበቁንና ወደ ከተማ መግባቱን የደመረ ሰው ባቡሩን ያለ ሕግም ሊመርጠው ይችላል።

የቀረው ያ ምክር ነው፤ ይህንን ለመጻፍ ያስነሳኝም እሱ ነው። የመጀመሪያው በረራ 8:00 ላይ ይነሳል እንበል። በማስያው 8:22 ትደርሳላችሁ። ስለዚህ 9:00 ላይ የሚነሳ ሌላ በረራ ቁረጡ፣ 38 ደቂቃ አላችሁ ነው የሚሉት ጸሐፊው። ከላይ ባሰላነው መሠረት ምንም እክል ሳይገጥም አውሮፕላናችሁ 8:15 ላይ ከመሬት ይለቃል፣ 8:51 ላይ ያርፋል፣ 8:57 ላይ ይቆማል። የሁለተኛው በረራ በር ደግሞ በብዙ ቦታ ከመነሻው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። 8:45 ላይ ተዘጋ ብንል እናንተ ገና ሰማይ ላይ ናችሁ፣ ያውም በሰዓቱ እየሄዳችሁ።

ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት የተቆረጡ ከሆነ ችግሩ እምብዛም አይደለም፤ ኤርፖርቶች ለመሸጋገሪያ የሚበቃውን ዝቅተኛ ጊዜ ስለሚወስኑ መጀመሪያውኑ እንዲህ የተጣበበ ጉዞ አይሸጥላችሁም፤ ዘግይቶ ያመለጣችሁ እንደሆነም አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራችኋል። ጸሐፊው የሚመክሩት ግን ለየብቻ መቁረጥን ነው፣ ርካሽ ነው ብለው። ለየብቻ በተቆረጠ ቲኬት ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው በረራ አያገባውም። አልመጣችሁም ብሎ ይመዘግባችኋል፣ ቲኬቱም ይቃጠላል። ጸሐፊው ሌላውን ክርክር እንዳለ ያቆዩት፣ ልንከራከርበት እንችላለን። ይህችን አንድ አንቀጽ ግን እባክዎ ያንሷት።